ስልክ ላይ የተሸጠው መገነዣዬ

ሰው ሞቶ ነው መገነዣው ከሣጥን የሚወጣ። የኔ ግን ቀደመኝ። እኔ የሰው ለቅሶ ላይ ደረቴን ስመታ፣ እሱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም መጀመሪያውን ስቄበታለሁ፤ ኋላ ነው ሳቁ እንደ ደረቅ ቆሎ ጉሮሮዬ ላይ የቀረ።

መገነዣ የምላችሁ ስሞት የምጠቀለልበትን ነጭ ፈትል ነው። ባልቴት የራሷን በቁሟ ብታሰናዳ ምን ይደንቃል? ሙሽራስ ቀሚሷን ቀድማ ታሰፋ የለም ወይ? ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድንገት ሲሞትብኝ ከሱቅ በችኮላ በመጣ አቡጀዲ ነው የተገነዘ። አቡጀዲው ጫፉ ላይ ሰማያዊ የፋብሪካ ማኅተም ነበረበት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፣ ምን እንደሚል አላውቅም። ብቻ ሰውዬዬ እንደ ዱቄት ከረጢት ማኅተም ተመቶበት አፈር ገባ። መላእክት ሲቀበሉት መጀመሪያ ያነበቡት ያንን ይሆናል። ያኔ ማልሁ። እኔ በገዛ እጄ በፈተልሁት ካልሆነ ከዚህ ቤት አልወጣም አልሁ።

የቆላ ጥጥ አስመጣሁ። ፍሬውን ፈለቀቅሁ፣ ነደፍሁ፣ ፈተልሁ። ክሩ ይቅጠን ብዬ ዓይኔን ጨረስሁበት። ሸማኔው ዘንድ ስወስደው ጥለቱ ምን ዓይነት ይሁን አለኝ። ጥለት የለውም አልሁት። ወዲያው ገባውና መወርወሪያውን አስቀምጦ አማተበ፤ ለቅርብ ነው ወይ ብሎም ጠየቀኝ። ባንተ አሠራር ከሆነ ገና ነው አልሁት። እውነትም ከክረምት ክረምት አጉላላኝ፤ እኔም እሱ እስኪጨርስ ብዬ አልሞትሁም።

እንግዲህ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ብል እንዳይበላው አወጣና ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ጎረቤቴ አልጣሽ፣ አብራኝ የምትፈትል፣ ምላሷ ከእንዝርቷ የሚፈጥን ሴት፣ ባየችው ቁጥር ትተርበኛለች። "ይሄ ልብስ ሳይለበስ ሊያልቅ ነው፤ ወይ ልበሺው ወይ አውሺኝ" ትላለች። አንቺ ቀድመሽ ከፈለግሽው እሰጥሻለሁ፣ ግን መልሰሽ አታመጪውም ብዬ ነው የምሰጋ እላታለሁ። እንዲህ ነው ጨዋታችን። ሞት ሰፈራችን ስለበዛ እንደ ጎረቤት ሆኖብናል፤ ጎረቤትን ደግሞ ካልተረቡት ይንቃል።

ይህን ጨዋታ የማታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ምራቴ የሺ። ይሄ ነገር በሆነበት ዓመት ነው ከአምቢኮ መንደር ልጄን አግብታ የመጣች። ጎንበስ ቀና ማለት የማይሰለቻት፣ ስጠራት ሮጣ የምትመጣ ልጅ ናት። ለእሷ ይሄ መገነዣዬ ነው ብዬ አልነገርኋትም። አዲስ ሙሽራን እንዲህ ማለት መቼ ነው የምትሞችልኝ ብለሽ ጠይቂኝ እንደ ማለት ነው። ጋቢ መስሏት ኖረ፤ ይምሰላት አልሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እኛ የደባርቅ ፈታዮች ነን። ፈረንጅ ተራራውን ሊያይ ወደ ቡይት ራስ ሲወጣ መንገድ ዳር ተደርድረን የሱፍ ቆብና ነጠላ እንሸጥ ነበር። ጊዜው ከከፋ ወዲህ ፈረንጁ ጠፋ። የአገሩም ሰው መንገዱን እየፈራ ቀረ። ቆቦቹ ውስጥ አይጥ ወለደ። ከተራራው ላይ የቀረን ደንበኛ ጭላዳ ዝንጀሮ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቆቡን ለብሶ ነው የተወለደ።

በዚህ መሐል ነው ሰላም የምትባል ልጅ ከአንድ ፕሮጀክት ተልካ የመጣች። ሰብስባ አስቀመጠችንና ዓለም ወደ ደባርቅ ካልመጣ ደባርቅ ወደ ዓለም ይሄዳል አለች። በየት በኩል ልጄ፣ መንገዱ ተዘግቶ የለም ወይ አልኋት። ሴቱ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፣ ደግ ልጅ ናት። በስልክ ነው እማማ አለች። ስልክ ውስጥ ሱቅ እከፍትላችኋለሁ፣ የእጅ ሥራችሁን ፎቶ አንሥቼ እሰቅለዋለሁ፣ ባሕር ዳር ያለችም ባሕር ማዶ ያለችም አይታ ታዛለች፣ እናንተ ጠቅልላችሁ በአውቶቡስ መላክ ነው አለችን። አልጣሽ ዋጋ ሲከራከሩኝ ፊታቸውን ካላየሁ እንዴት አውቃለሁ ብላ ጠየቀች። ዋጋ ክርክር የለም አለቻት። አልጣሽ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላመነችውም፤ ያልተከራከሩበት ገበያ እንደ ሌብነት ነው የሚሰማት።

ሰላም ስልኳን ይዛ በየቤቱ ዞረች። እኔ ቤት የደረሰች መገነዣዬ ፀሐይ ላይ በተሰጣ ቀን ነው። ቆቦቹን አነሣች። ነጠላውን አነሣች። ዶሮዋ ፎቶ ውስጥ ገባች ብላ ዶሮዬን አባረረች። ከዚያ ዞር ስትል አየችው። ጠጋ ብላ በሁለት ጣቷ ዳበሰችው።

"እማማ፣ ይሄን ማን ፈተለው?"

"እኔ" አልሁ።

እንዲህ ያለ ቀጭን ክር በዕድሜዬ አላየሁም አለች። ጥለት የሌለው፣ ንጹሕ ነጭ፣ አሁን ከተማ የሚፈለግ ይሄ ነው አለች። እናንተዬ፣ በዚያች ሰዓት አፌን ከፍቼ ልጄ ይሄ የሬሳ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። እስቲ ንገሩኝ፣ መገነዣው ሲመሰገን ቆሞ የሰማ ማን አለ? ሁሉም ሲመሰገንለት ተኝቶ ነው። እኔ በጆሮዬ ልስማው ብዬ፣ ሆዴ በሳቅ እየተንፈራፈረ፣ አንሺው ልጄ፣ አንሺው፣ በዚያም በኩል አንሺው አልኋት። ፎቶ ዕቃውን አይወስደው፤ ጥላው ብቻ ነው የሚሄድ አልሁ በልቤ። ሱቅ ሲባል እንዴት ያለ ሱቅ እንደሆነ መች ገባኝ። በኛ ገበያ ዕቃህን ሰው ቢያየው አየው ነው፣ ካልሰጠህ አይወስድም። በስልኩ ገበያ ግን ማሳየት መስጠት ኖሯል።

ወዲያው የእኅቴ ባል በቡይት ራስ በኩል ሞተና ለቅሶ ሄድሁ። እዚያ ሰነበትሁ። ስመለስ የሺ ከበር ተቀበለችኝና ጉልበቴን ሳመች። ፊቷ እንደ መስቀል ወፍ በርቷል።

"እማማ፣ ተሸጠልዎ" አለችኝ።

ቆቡ መስሎኝ እልል ልል ነበር። የቱ ቆብ ብላት፣ ቆብ አይደለም፣ ያ ነጩ ጋቢ ነው አለች። ሰላም ደውላ ከሁሉም ቀድሞ የተፈለገው የእርስዎ ነው አለችኝ፣ እኔም ልፋትዎ ፍሬ ሲያገኝ ላስደስትዎ ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ነጭ የእጅ ፈትል ነውና እንዳይቆሽሽ ብዬ ለአውቶቡሱ ረዳት አደራ ብዬ ሰጠሁት አለች። ሣጥኔን ከፈትሁት። ለብሉ ብዬ የጨመርሁት ካምፎር ብቻ ቀርቷል። ክዳኑን ዘጋሁና ላዩ ላይ ተቀመጥሁበት።

ምን እንደሆነ ስነግራት ልጅቷ መሬት ወደቀች። ገደልሁዎ እያለች ታለቅስ ገባች። "ተነሽ፤ አልገደልሽኝም" አልኋት። "እንዲያውም አሁን መሞት አልችልም፤ የምለብሰው የለኝ።" አልሳቀችም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልሳቅሁ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። እንደዚያ ያለ ክር ሁለተኛ ከዚህ እጅ አይወጣም። ያ ጨርቅ ካልተመለሰ እኔም እንደ ባሌ ማኅተም ተመቶብኝ ነው የምሄድ።

ሰላምን አስጠራኋት። እሷም ደነገጠች። ገዢዋ አንዲት የባሕር ዳር ሴትዮ ናቸው አለች፤ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሊያስነሡበት ነው የገዙት። አራስ ሕፃን በኔ መገነዣ ተጠቅልላ ታቦት ፊት ልትቆም! ሰላም ደወለች፤ ስልኩ አልሠራም። ደግማ ደወለች፤ ጭራሽ ኔትወርኩ በአገሩ ሁሉ ጠፋ። አያችሁ ይሄን ሱቅ? ዕቃሽን ሲወስድ ፈጣን ነው፤ መልስ ስትዪው ስልኩን ይዘጋል።

አውቶቡሱስ የት ደረሰ ብዬ መናኸሪያ ሄድሁ። ዳባት ቆሟል አሉኝ። ከዳባት ወደ ጎንደር መንገዱ ተዘግቶ ተሳፋሪው እዚያው ሰንብቷል፤ እስከ ዳባት ግን ይኬዳል አሉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ሲዘጋ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሰው ሁሉ መንገዱን ክፈትልን እያለ ሲጸልይ እኔ ለአንዲት ቀን እንኳ ዝጋልኝ እያልሁ፣ በገብስ ጭነት መሐል ተቀምጬ ዳባት ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የምሳደበውን ሳዘጋጅ ነበር። ለረዳቱ ጥሩ ጥሩ ስድብ አዘጋጅቼለት ነበር።

ዳባት ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። አውቶቡሱ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ተሳፋሪው በየጥላው ተቀምጧል፣ ስንቁን የጨረሰ ሰው ዓይነት አቀማመጥ። ረዳቱን አገኘሁት፤ ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ነው። ከደባርቅ ከየሺ የተላከ የላስቲክ ጥቅል፣ ነጭ ፈትል፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ አምጣው አልሁት። እጄን ይዞ ከአውቶቡሱ ጀርባ ወሰደኝ።

"እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ከፈትሁት" አለኝ።

ነገሩን በሹክሹክታ ነገረኝ። ከዛሪማ ባልና ሚስት ተሳፍረው ነበር። ሰውየው ሆዱን በጠና ታሞ፣ ደባርቅ ሐኪሞች አይተውት ወደ ጎንደር ሆስፒታል የተጻፈለት ነው። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል ሲባል እዚያው ወንበሩ ላይ ሞተ። መገነዣ የሚገዛበት ሱቅ የለም። ሚስቲቱ የራሷን ነጠላ አውጥታ ስትለካው አነሳት፤ ደግሞ መሐሉ የተቀደደ ነው። ረዳቱ ይሄን ማየት አልቻለም፤ የሺ ነጭ የእጅ ፈትል ነው ያለችው ትዝ አለው። አወጣውና ለቄሱ ሰጠ። ቄሱ ጨርቁን ዘርግተው አዩት፣ ጥለት የለውም፣ ልኩም የሰው ልክ ነው፤ ይሄማ ለዚሁ የተሠራ ነው፣ ከየት አገኘኸው አሉት። እሱም የሰው አደራ በላሁ እንዳይል ፈርቶ፣ አንዲት ነጭ የለበሱ ባልቴት መንገድ ላይ አስቁመው ለሚያስፈልገው ስጥ ብለው ሰጡኝ፣ ዞር ስል የሉም አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጁ ወጣ። ዳባት በሙሉ ተአምር ተደረገ እያለ ነው። ባልቴቷ ማን እንደሆነች ሴቶቹ በጆሮ እየተነጋገሩ ያማትባሉ። እናንተ፣ እኔ ነኝኮ! ትናንት አልጣሽን የሰደብሁ፣ ዛሬ በገብስ ጭነት ላይ ሆኜ መንገድ ዝጋልኝ ብዬ የጸለይሁ እኔ! አልጣሽ ይሄን ብትሰማ ሆዷን ይዛ እዚያው ትሞት ነበር፤ መገነዣም የላት።

"ተቀበረ ወይ?" አልሁት።

"ፍትሐት ላይ ናቸው" አለኝ። "እናቴ፣ እባክዎ አያጋልጡኝ።"

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁ። አሁን ጻድቅ ላስመስል አልፈልግም። ስሄድ ልብሴን ላስፈታ ነው የሄድሁ። ቄሱን ጠርቼ ተአምር የለም፣ የእጄ ሥራ ነው፣ ሌላ ፈልጉለት ልል ነው።

አስከሬኑ ቃሬዛ ላይ ነው። ሰሌን እንኳ አልተገኘለትም፤ ፈትሌ እንዲሁ ባዶውን ይታያል። እንዴት ያምራል! እኔ እንዲህ ተጠቅልሎ አይቼው አላውቅ፤ የት አየዋለሁ? ትከሻው ጋ ክሩ ወፈር ያለበት ቦታ አለ፤ ዓይኔ መድከም የጀመረበት ጊዜ ነው። አወቅሁት፤ የኔው ነው። ሰውየው እኔን ለብሶ ተኝቷል።

ሚስቲቱ ራቅ ብላ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ የባሏን ጫማ ታቅፋለች። ሰው አላት እንዳልል ማንም የለ። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ቃሌ አፌ ላይ ነው። እሷ ቀደመችኝ።

"ጎንደር ከደረሰ ይድናል አሉኝ፤ ጎንደር እኮ እዚህ ነው" አለችና በአገጯ ወደ መንገዱ አሳየችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ "እንደ ውሻ ልቀብረው ነበር፣ እናቴ። እግዜር ግን አላሳፈረኝም። ዘመድ ባይኖረው እሱ ራሱ አለበሰው። አዩት እንዴት እንደሚያምር?"

"አየሁት" አልኋት።

"አንቱ የማን ዘመድ ነዎ?"

እንግዲህ ይቺ ናት ጥያቄዋ። እኔ ምላሴን ይዤ አላውቅም፤ ለዳኛም ለቄስም ይዤ አላውቅም። ያን ቀን ያዝሁት፤ መያዝ ብቻ አይደለም፣ ዋጥሁት። ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁ ልጄ፣ ከደባርቅ ነኝ አልኋት።

ቀብሩ ላይ ማን ያልቅስ? ከሚስቲቱና ከቄሱ በቀር የሟቹን ስም የሚያውቅ የለም። ሰው ያለ ስሙ ሲለቀስለት የጎረቤት በሬ የሞተ ይመስላል። ስሙን ማን ልበል አልኋት ሚስቲቱን። ታረቀኝ አለችኝ። ተነሣሁና ታረቀኝ ወንድሜ እያልሁ አለቀስሁለት። የዳባት ሴቶች ተቀበሉኝ። እንባዬ የምር ነው። ለእሱ ይሁን፣ ለባሌ ይሁን፣ አፈር ለሚገባው ፈትሌ ይሁን፣ አላጣራሁም። አፈሩ ሲወርድበት ነጩ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። አንዲት ሴትዮ ደረቷን እየመታች እኅቱ ናቸው መሰል አለች። ማንም አላረማትም።

ስጨርስ ረዳቱ ጥግ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እጁን አጣምሮ። ነጭ የለበሰችው ባልቴት እኔ ነኝ አልሁት። እኔ ግን ዞር ስትል አልጠፋም፤ መኪና ፈልገህ ከፊት አስቀምጠህ ቤቴ ታደርሰኛለህ። አደረሰኝ። ያዘጋጀሁለትን ስድብ መንገድ ላይ አንድ ሁለቱን ብቻ ነገርሁት፤ ሌላው ይቅርለት አልሁ፣ የሙት ልብስ አልባሽ ነው።

ኔትወርኩ የተመለሰው ከሰነበተ በኋላ ነው። ሰላም መጣች፤ ገዢዋ ደጋግመው ደውለዋል አለች። ገንዘባቸውን መልሳላቸዋለች፤ ዕቃው መንገድ ላይ ጠፋ ብዬ ልጻፍላቸው ወይ አለችኝ። አልጠፋም፣ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ደውይልኝ አልኋት።

ሴትዮዋ ድምፃቸው እንደኔው የደከመ ነው። ሕፃኗ እንዴት ሆነች ብዬ ጠየቅሁ። በነጠላዬ ጠቅልለን አስነሣናት አሉኝ። ተመስገን አልሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ምን እንደነበረ፣ ለማን እንደነበረ፣ ማን ለብሶት እንደሄደ። ያ ክፉ ስልክ ደግሞ ተቆረጠ ብዬ ሃሎ ሃሎ ስል፣ አለሁ አሉኝ።

"እኔም እኮ የለኝም" አሉ። "ላሰናዳ ስል ልጆቼ ምን አሟርቶሽ ነው ብለው ይቆጡኛል። ሥዕሉን ባየሁ ጊዜ ልቤ እንዲያ የሄደበት ለዚህ ኖሯል። አንድ አይሠሩልኝም?"

ሰላም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደባርቅ ወደ ዓለም ወጣ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ። ቆቡን የጠየቀ የለም፤ የተፈለገው ይሄ ነው። ጊዜውን ያየ ሰው ምን ይገርመዋል።

ዓይኔ ደክሟል፣ ክሩም እንደ በፊቱ አይቀጥን፣ በዚያ ላይ እኔም ራሴ ራቁቴን ነኝ፣ ይቆያል አልኋቸው።

"ይቆይ። እስኪደርስ አልሄድም" አሉ።

"እኔም ሳልጨርስ አልሄድ" አልሁ።

ተስማማን። ያልተከራከርንበት ገበያ ነው፤ አልጣሽ ሌብነት ትበለው። አሁን ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ ሲሞቅ ደጄ ላይ ተቀምጬ እፈትላለሁ። ክሩ ይበጠሳል፤ የሺ ትቀጥልልኛለች፣ ልጅቷ እጇ እየለመደ ነው። በቀደም ልቃቂቱን ይዛ ይሄኛው የማን ነው እማማ፣ የእርስዎ ነው ወይስ የባሕር ዳሯ ሴትዮ አለችኝ።

"ቀድማ ለሄደችው ነው" አልኋት።